የልብስ ሰፊዋ ስልክ

ወገኖቼ፣ ደሴ ውስጥ ዘውድነሽ የምትባል አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። እጇ ለጥልፍ የተባረከ፣ አንደበቷም የጣፈጠ። ሱቋ ከስፌት መኪናና ከአንድ የቁመት መስታወት ሌላ ብዙም የማይዝ ጠባብ ቤት ነው። ደንበኛዋ ግን ብዙ ነበር። ልካቸውን በስልክ ይልኩላታል፤ ፎቷቸውን ይልኩላታል፤ ልብሱ የሚደርስበትን ቤትም ጽፈው ይልኩላታል። ሁሉም እዚያ ስልክ ውስጥ ነው።

ስልኩ የይለፍ ቁጥር አልነበረውም። «መርፌ ጎርሼ፣ ክር ይዤ፣ ደግሞ ቁጥር ስነካካ ልዋል?» ትላለች። ደግሞስ ሌባ ለልብስ ሰፊ ስልክ ምን አደከመው?

እናንተስ እንዲህ ብላችሁ አታውቁም?

ከደንበኞቿ አንዷ ንጋቷ የምትባል ወጣት ናት። ባሏ እየደበደበ ቢያስመርራት፣ ነፍሰ ጡር ሳለች ከቤቱ ወጥታ የተደበቀች። ሴት ልጅ ወለደችና የክርስትና ቀሚስ አዘዘች። መልእክቷ አጭር ነበር፦ «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ አረንጓዴው በር። እትዬ ዘውድነሽ፣ በእመብርሃን፣ ለማንም እንዳትነግሪ።»

ዘውድነሽም አልነገረችም። ለገዛ እህቷ እንኳ ትንፍሽ አላለችም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንዲት ሙሽራ እየለካች ሳለ አንድ ሰው ገባ። አለባበሱ ንጹሕ፣ ሰላምታው ከወገብ ጎንበስ ያለ። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ስልኬ ባትሪ ጨርሶብኝ ነው። የልጃችንን ልክ ባለቤቴን ልጠይቃት ነበር» አላት።

ሜትሩን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች «ውሰድ ወንድሜ» ብላ ሰጠችው።

ሰውየው የሚደውል መስሎ ወደ ደጅ ወጣ። የንጋቷ ባል ነበር። ሚስቱ እዚያ ሱቅ እንደምታሰፋ ከሰው ሰምቷል። ስሟን ፈለገ፤ አገኘው፤ የቤቷን ምልክት አነበበ። ስልኩን በሁለት እጁ መለሰና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ። እሷም «አብሮ ይስጠን» ብላ ወደ ሙሽራዋ ዞረች።

ከሰዓት በኋላ ንጋቷ እያለቀሰች ደወለች።

«እትዬ፣ ቤቴን ለማን ነገርሽ?»

«እኔ? ኧረ ለማንም! እመብርሃን ምስክሬ ናት!»

«ታዲያ በሬን ሰብሮ እንዴት ገባ?»

ያ ጎንበስ ያለ ሰላምታ በዓይኗ ላይ ድቅን አለ። እዚያው ጨርቁ ላይ ተቀመጠች።

የወፍጮ ቤቱ ሰዎች ጩኸቱን ሰምተው ደርሰዋል። ሰውየውን ይዘው ለፖሊስ ሰጡት። ሕፃኗን ክፉ አልነካትም። የእናቲቱ ክንድ ግን ተሰብሯል።

የዘውድነሽ እህት ልታጽናናት ሞከረች። «አንቺ ምን አጠፋሽ? ስልክ ማዋስ ጽድቅ እንጂ ኃጢአት ነው?» እውነቷን እኮ ነው፤ ዘውድነሽ ለክፋት አላሰበችም። እንቅልፍ ግን አልወሰዳትም። በማግስቱ ሆስፒታል ሄደች። ንጋቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረችባት።

«ልጄ፣ አልነገርኩብሽም» አለች ዘውድነሽ። «ግን አልጠበቅኩሽም።»

ንጋቷም «የእኔ እንደሆነ አንዴ ሆኗል፤ የሌሎቹን ጠብቂ» አለቻት።

የሌሎቹን! ዘውድነሽ ሱቋ ገብታ ያንን ስልክ ለመጀመሪያ ጊዜ በፍርሃት ከፈተችው። ለልክ ብለው የላኩት የሴቶች ፎቶ አለ። «ቀን ቀን ቤት ሰው የለም፣ ማታ አምጪልኝ» የሚል አለ። ሰው ገላውንና ደጁን ለእሷ ሰጥቶ ኖሯል!

ስልኩን ቆለፈች። ልብሱ የደረሰላቸውን ሰዎች አድራሻና ፎቶ አጠፋች። ለመንገደኛ የሚሆን፣ የደንበኛ ነገር የሌለበት ሌላ ተራ ስልክ ገዛች። ከሁሉ የከበደው ግን ይህ ነው፤ እየደወለች ለደንበኞቿ ነገረቻቸው። «የእናንተም ታይቶ ሊሆን ይችላል፤ ተጠንቀቁ።» የሰደበቻት ነበረች። ጥላት የሄደች ነበረች። «ደግ አደረግሽ ነገርሽኝ» ያለቻትም ነበረች።

ንጋቷ ክንዷ ሲድን ከተማ ለቀቀች። የክርስትናው ቀሚስ ግን ተሰፍቶ ደርሷታል። የት? እሱን ዘውድነሽ ለማንም አትናገርም፤ ጽፋም አላስቀመጠችው።

ምእመናን፣ አደራ ሲባል እናንተ ወርቅ ነው የሚታያችሁ። ወርቅ ቢሰረቅ ይተካል። የሰው ደጅ ቢሰረቅስ? የሰው ገመና ቢሰረቅ በምን ትተኩታላችሁ?

አንቺ ፋርማሲ ያለሽ፣ የማን በሽታ ኮምፒውተርሽ ላይ ተከፍቶ አድሯል? አንተ ስልክ የምትጠግነው፣ የማን ትዳር ጠረጴዛህ ላይ ተበትኗል? «እኔ ለማንም አልነገርኩም» አትበሉ። ዘውድነሽም አልነገረችም። እግዚአብሔር የሚጠይቀን በተናገርነው ብቻ መሰላችሁ? ሳንጠብቅ በተውነውም ነው።

እንግዲህ ነገ ሱቃችሁን ስትከፍቱ፣ ከዕቃችሁ በፊት ሰዎቻችሁን አስቡ። በእጃችሁ ያሉት፣ አምነዋችሁ የተኙት እነሱ ናቸው።