መጋዝ አፍና ቀንድ አውጣዋ

ተረት ላወራ ነው፤ «አውሪው» በሉኛ!

ድሮ ድሮ፣ ሰው የሚባል ነገር ሳይፈጠር፣ ባሕር ውስጥ መጋዝ አፍ የሚባል ትልቅ ዓሣ ነበር። ጥርሱ አገጩ ላይ እንደ ጥቅልል ተጠምዝዞ የበቀለ፣ በዘሩ ደግሞ ሲኩራራ አይጣል ነው። አንድ ቀን አንዲት ቀንድ አውጣ ባዶ አሸዋ ላይ አገኘ። መደበቂያ የላትም። አንዴ ከነከሳት አለቀላት!

«ጋሼ፣ ዘመድ ይበላል እንዴ?» አለችው። «ጥርስዎ ጥምዝ፣ የእኔም ጀርባ ጥምዝ። አያትዎ ቀንድ አውጣ ነበሩ መሰለኝ።»

«ምን አልሽ አንቺ ልጋጋም!» ብሎ ጮኸ። «እስከ ሰባት ቤት ልቁጠርልሽ! አንድ ቀንድ አውጣ ካገኘሽበት እተውሻለሁ!»

«ይቁጠሩ እስቲ፣ ጋሼ።»

ዓይኑን ወደ ላይ ሰቅሎ ጀመረ። «አባቴ ቦጫቂው! አያቴ ዘንጣዩ!» እሱ ስም በጠራ ቁጥር እሷ ቀስ ብላ አሸዋውን ትቆፍራለች። አራተኛው ቤት ላይ ቀንዶቿ ብቻ ቀሩ። ስድስተኛው ላይ እነሱም ገቡ።

ሰባተኛውን ጠርቶ ዝቅ ቢል የለችም። በንዴት ጥርሱን አሸዋው ውስጥ ሰካ፤ ቢስብ ቢስብ አልወጣ አለው። እዚያው ሞተ። ሥጋውና ለስላሳ አጥንቱ በስብሶ አለቀ፣ ጥርሱ ግን ድንጋይ ሆነ።

ከስንትና ስንት ዘመን በኋላ ሰዎች ቆፍረው አወጡትና ከበው አዩት።

«ወይ ጉድ!» አሉ። «እንዴት ያለች ትልቅ ቀንድ አውጣ ናት!»

ተረቱን ለእናንተ፣ ዳቦውን ለእኔ።