አምስት ምንጮች፣ አንድ ወፍጮ

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ሁሉ ኮምፒዩተር በለመዱበት ዘመን፣ አንዲት ታታሪ አህያ በንጉሥ አንበሳ ግቢ የፕሮግራም ጸሐፊ ሆና ታገለግል ነበር። ከአምስቱ የመንግሥቱ ምንጮች በየቀኑ የሚቀዳውን እንስራ የሰባት ሰባት ቀኑን ደምራ ለንጉሡ ታቀርባለች፤ ንጉሡም ድምሩን አይቶ መንጋው ከየትኛው ምንጭ እንደሚጠጣ ያዛል።

አህያ ከአያቶቿ የወረሰችው አንድ ጠባይ ነበራት፤ ሸክም ሲበዛባት ጀርባዋን ታደነድናለች እንጂ ሸክሙን አታቀልም። ስለዚህ ሲ በሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ የድመራውን ትእዛዝ ለመጀመሪያው ምንጭ ጻፈች፤ ለሁለተኛው ያንኑ ገለበጠች፤ ለሦስተኛውም፣ ለአራተኛውም፣ ለአምስተኛውም እንዲሁ። በአራተኛው ግልባጭ ላይ ግን የሦስተኛውን ምንጭ ስም ሳትለውጥ ቀረች፤ የሦስተኛውም ድምር የአራተኛው ተብሎ ቀረበ። መንጋውም «ሞልቷል» ወደ ተባለው አራተኛ ምንጭ ወርዶ ጭቃ ልሶ ተመለሰ።

አንበሳ አገሣ። «ነገ ረፋድ ላይ ትክክለኛውን ድምር ካላመጣሽ፣ ወንበርሽን ለጅብ እሰጠዋለሁ!»

ጅብ ከበሩ ሥር ምራቁን ዋጠ። «ወንበሩን ብቻ ነው፣ ጃንሆይ? ተቀማጯስ?»

አህያ ጆሮዎቿን ጥላ በግልባጮቿ ላይ እንዳቀረቀረች፣ ቀበሮ በመስኮት ብቅ አለች።

«እመት አህያ፣ ጤፍሽን የት ታስፈጫለሽ?»

«ወፍጮ ቤት ነዋ።»

«ገብስሽንስ?»

«እዚያው! ለየእህሉ ወፍጮ የሚተክል ምን ዓይነት ሞኝ ነው?»

«ለአምስት ምንጭ አምስት ወፍጮ የተከለችውን አንዲት አውቃለሁ፤» ብላ ቀበሮ ሳቀች።

አህያ አፈረች፤ ወዲያውም ገባት። የድመራውን ትእዛዝ አንድ ጊዜ ብቻ ጽፋ ስም አወጣችለት፤ እንዲህ በስሙ ሲጠሩት የሚሠራውን ትእዛዝ ጸሐፍት ፈንክሽን ይሉታል። የእያንዳንዱን ምንጭ ሰባት ቁጥሮች ደግሞ በአንድ ረድፍ አኖረች፤ ይህም ድርድር ይባላል። ከዚያ ድርድሮቹን በየተራ፣ እህል ለወፍጮ እንደሚሰጥ፣ ለፈንክሽኑ አቀበለችው።

«ታዲያ ልኩን አትርሺ፤» አለች ቀበሮ። «ሲ ለፈንክሽኑ የሚያሳየው ረድፉ የሚጀምርበትን ቦታ ብቻ ነው። ‹ሰባት ነው› ብለሽ አብረሽ ካልነገርሽው፣ ያንቺን ጨርሶ የጎረቤትሽን ይፈጫል።» ከመስኮቱ በታች የጅብን ጅራት አይታ ነበርና፣ «የጎረቤትሽን ይፈጫል» የምትለውን ቃል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመቻት።

አህያ ሣር ልትነጭ ወጣ ስትል፣ ጅብ ገብቶ ፕሮግራሙን ለራሱ ገለበጠ። «ሰባት ለድኻ ነው! የጎረቤት ካለ ለምን ይቅር?» አለና ሰባትን አጥፍቶ ሰባ ጻፈ።

በማግስቱ ረፋድ አህያን ቀድሞ ከዙፋኑ ፊት ተንበረከከ። «ጃንሆይ፣ የምሥራች! አራተኛው ምንጭ ዘጠና ሺህ እንስራ ሰጥቷል!»

አንበሳ ቅንድቡን አነሣ። «አያ ጅቦ፣ ይህ ምንጭ ነው ወይስ ዓባይ? ትናንት ጭቃ የላሰውስ የማን መንጋ ነው?» ፈንክሽኑ ሰባቱን ቁጥሮች አልፎ፣ በኮምፒዩተሩ ውስጥ አጠገባቸው የተቀመጠውን የመንግሥቱን የሚዳቋ ቆጠራ ሳይቀር ደምሮት ኖሯል።

አህያ በዝግታ ቀረበች። «አራተኛው ሁለት እንስራ ብቻ ነው፣ ጃንሆይ። ሁለተኛው ግን ስልሳ ሦስት።»

መንጋው ወደ ሁለተኛው ወርዶ እስኪጠግብ ጠጣ። አህያ በወንበሯ ጸናች። ለጅብም ቀላል ፍርድ ተፈረደበት፤ ዘጠና ሺሁን እንስራ ከአራተኛው ምንጭ ቀድቶ እንዲያመጣ።

በበጋው ስድስተኛ ምንጭ ተገኘ። «ምስኪን፣ ደግሞ ልትገለብጥ ነው!» ብለው ጎረቤቶቿ ሲያዝኑላት፣ አህያ አዲሱን ድርድር ከነልኩ ለዚያው ፈንክሽን የሚያቀብል አንድ መስመር ጨመረች፤ የዛፍ ጥላ ሳይዞርም ከለመለመው ሣር ላይ ተጋደመች። ጅብ እንስራውን ታቅፎ በአጠገቧ ሲያልፍ ቀና አለች።

«አያ ጅቦ፣ ስንተኛው ነው?»

«ዝም በይ! አንደኛው መች ሞላና!»

ከዚህ የምንማረው ተደጋጋሚ ሥራን አንድ ጊዜ አሳምሮ አበጅቶ ለሁሉም ከነልኩ ማዋል ከድካም እንደሚያሳርፍ፣ ልክን አልፎ ወደ ጎረቤት መዘርጋት ግን ያልሞላ እንስራ እንደሚያሸክም ነው።