በማጣበቂያ የተደፈነው ሳጥን

አንድ ሰው ነበረ፤ እቤቱ ሆኖ የሰርኪት ሰሌዳ ይቀርጻል። መዳብ የተለበጠውን ሰሌዳ ትንሿ ማሽኑ ላይ ያስራል፤ ማሽኗ በኮምፒውተር እየታዘዘች መዳቡን ትፍቃለች፤ ሳይፋቅ የቀረው የኤሌክትሪክ መንገድ ይሆናል። አንዲት ዶሮ አርቢ ጎረቤቱ የእንቁላል መፈልፈያዋን ሙቀት የሚጠብቅ ሰሌዳ እንዲሠራላት ለመነችው። መተዳደሪያዋ ጫጩት ሽያጭ ነው። «ነገ ውሰጂ» ብሎ ፎከረላት።

ዕቃዎቹ የሚሰኩት ከሰሌዳው ጀርባ ስለሆነ፣ ሥዕሉ ለማሽኗ ከመሰጠቱ በፊት በመስታወት እንደሚታይ ሆኖ ግራው ወደ ቀኝ መዞር ነበረበት። ረሳው። ተቀርጾ ካለቀ በኋላ ሲያይ ፊቱ ጋለ። እንደገና እንዳይቀርጽ ፉከራው ያዘው። ስለዚህ አይሲ የሚሉትን ባለብዙ እግር ጥቁር ዕቃ በጀርባው አስተኝቶ፣ እግሮቹን ቆልምሞ በየዳቸው። ሠራ። ከሠራስ ምን ነበረበት? ግን አፈረበትና ሳጥኑን በብሎን መዝጋት ትቶ ዙሪያውን በማጣበቂያ ደፈነው።

ጫጩቶቹ ተፈለፈሉ። ሴትዮዋ በየሄደችበት ታመሰግነው ጀመር። እሱ አንገቱን ይደፋል፤ ሰው ትሕትናው ነው ይላል።

አንድ ቀን ማለዳ፣ እንቁላሎቹ ሊፈለፈሉ ሲቃረቡ፣ መፈልፈያው ጠፍቶ ሙቀቱ ሲወርድ አገኘችው። ሮጣ ጠራችው። በፊቷ ለመክፈት አፍሮ ሳጥኑን ይዞ ቤቱ ገባ፤ ላግዝህ ያለውንም ሰው መለሰ። ማጣበቂያውን ሲፈለፍል መሸ። ሲከፈት የተላቀቀችው አንዲት ሽቦ ብቻ ናት፤ ወዲያው በየዳት። የተገለበጠው አይሲ ምንም አልሆነም።

ሴትዮዋ ከኋላው ቆማ ኖሯል።

«ይኼ ለምን በጀርባው ተኛ?» አለችው።

«ስቀርጽ ተሳስቼ ነበር። አፍሬ ደበቅሁት።»

«ለኔማ በሆዱ ቢተኛ በጀርባው ምኔ ነበር?» አለችው።

ቀኑን ሙሉ ሲቀዘቅዙ ከዋሉት ከእነዚያ እንቁላሎች አንድም ጫጩት አልወጣም። ሰውየው ዛሬም በደጇ ሲያልፍ ቀና ብሎ አያያትም።

እንግዲህ ልጄ፣ «ጥፋቴ ማንንም አልጎዳ፣ ማንም አላወቀብኝ፤ ታዲያ ስመሰገን ለምን እሸማቀቃለሁ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ሰው የሚያመሰግነው ክዳኑን ነው፤ ከሥሩ ያለውን አንተ ታውቃለህ። የሰውየው ስሕተት አንድም እንቁላል አልገደለም። የገደለው ማጣበቂያው ነው። ያንተ ገና አልደረቀም፤ ሂድና ክፈተው።