ፈትያ ያልከፈተችው መልእክት

የደሴ ነጋዴ ገንዘቡን ወይም ምስጢሩን ለሰው አደራ ሊሰጥ ሲል የሚጠቅሳት አባባል አለች። ብዙ ሰው የጥንት ትመስለዋለች። ኧረ የትናንት ናት! የተወለደችውም ከአቶ እንድሪስ ይማም ችኮላ ነው።

አቶ እንድሪስ እህል ነጋዴ ናቸው። ጤፍ ሲገዙ ከጆንያው አፍ ዘግነው አያምኑም፤ እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ሰደው ከሥር ያወጣሉ። በዚህ ጠባያቸው የተነሣ፣ የሰፈራቸው ማኅበር ለልጆች ማስተማሪያ ብሎ ባጠራቀመው ገንዘብ አክሲዮን ለመግዛት ባሰበ ጊዜ «አይተህ ግዙ ካልከን እንገዛለን፤ ተዉ ካልከን እንተዋለን» ብሎ ነገሩን እሳቸው ጫንቃ ላይ ጣለው። ቢሳሳቱ የስንቱ ልጅ ትምህርት እንደሚቀር ያውቃሉና እንቅልፍ አጡ።

አክሲዮኑ ሊገዛ የታሰበው ድርጅት ከአንድ ፋርማሲ በላይ ያለች ባለ ሁለት ክፍል ቢሮ ነው። ባለቤቶቹ ፈትያና ጥላዬ የሚባሉ ወጣቶች ሲሆኑ ሥራቸው የምስጠራ ሶፍትዌር ነው። በስልክ የሚላክ መልእክት ተቆልፎ እንዲሄድ፣ ከላኪውና ከተቀባዩ በቀር ማንም እንዳያነበው ያደርጋሉ። አክሲዮን የሚገዛቸው ካላገኙ መዝጋታቸው ነበር፤ ይህንንም አልደበቁም።

አቶ እንድሪስ እንደ ልማዳቸው ከሥሩ ጀመሩ።

«ትልቁ ደንበኛችሁ ነገ ጥሏችሁ ቢሄድስ?»

«በጣም እንጎዳለን ጋሼ» አለች ፈትያ። «የገቢያችን ግማሽ ከእሱ ነው።»

«ትርፍስ?»

«ዘንድሮ የለም። አምና ትንሽ ነበረ። ግን አንዴ የመጣ ደንበኛ እስከ ዛሬ ትቶን አልሄደም።»

ሻጭ የገዛ ዕቃውን ጉድለት ሲናገር ሰምተው የማያውቁት ሰውዬ ደስ አላቸው። ዳሩ ግን ዕቃው ራሱ ጥሩ ይሁን መጥፎ በምን ይታወቃል? ጤፍ ቢሆን ይዘግኑታል፤ ይሄ አይዘገን፣ አይሸተት። ሲያወጡ ሲያወርዱ ቆዩና አንድ ብልሃት መጣላቸው፤ ሳያላምጡም ዋጡት። ፕሮግራሙን ስልካቸው ላይ አስጫኑ፤ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ዘሀራ አንድ መልእክት ጽፈው ላኩ፤ ከዚያም ወንበራቸው ላይ ተደላድለው፣

«በይ የኔ ልጅ፣ የጻፍኩትን አንብቢልኝ» አሉ። «ካነበብሽ ዛሬውኑ እፈርማለሁ። ካላነበብሽ ግን የራሱን ቁልፍ መክፈት ያቃተው ባለሙያ ለምኔ ነው?»

ፈትያ ልትመልስ ስትል ጥላዬ ክንዷን ይዞ ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገባት። ግድግዳው ኮምፔንሳቶ ነው፤ ኮምፔንሳቶ ደግሞ ምስጠራ የሚባል ነገር አያውቅም። አቶ እንድሪስ ሁሉንም ሰሙ።

«አንድ ጊዜ ብቻ!» ይላል ጥላዬ። «መክፈቻውን ለኛም እንዲያስቀር አድርገን እንደገና እንጫንላቸው። ሌላ መልእክት ይላኩ፣ እናነበዋለን፣ ይፈርማሉ። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

«ፈትዬ፣ ልንዘጋ ነው እኮ!»

«እንዝጋዋ! ዛሬ ለእሳቸው የከፈትነውን ነገ ጉልበተኛ መጥቶ ክፈቱ ቢለን አንችልም ልንል ነው? ሰው ያመነን እኮ እኛም ማንበብ ስለማንችል ነው።» ድምፅዋ ተሰበረ። ሥራውን የጀመረችው እሷ፣ ሌት ተቀን የለፋችበትም እሷ ናት፤ ስትዘጋውም የምታለቅሰው እሷው ነበረች።

አቶ እንድሪስ የተቀመጡበት ወንበር ጎረበጣቸው። ለካስ እሷን ፈታኝ መስለው ወደ ጥፋት ሲገፏት ኖሯል! እንዲህ ያለ ልብ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ መኖሩ አስደነቃቸው።

ፈትያ ዓይኗን ጠርጋ ወጣች።

«ጋሼ፣ ማንበብ አልችልም። የምችል ብሆን ኖሮማ አትግዙን ነበር የምልዎት።»

ከእሳቸው ለሚያንስ ሰው ተነሥተው የማያውቁት አቶ እንድሪስ ብድግ አሉላት።

«አፉ በይኝ ልጄ። የማላውቀውን ዕቃ በማውቀው ሚዛን ልመዝን ብዬ ነው።»

በማግስቱ ማኅበሩ ተሰበሰበ። አቶ እንድሪስ ለፈትያ ያቀረቡትን ፈተናና መልሷን፣ ዘንድሮ ትርፍ አለመኖሩንም ሆነ ግማሹ ገቢ በአንድ ደንበኛ ላይ መንጠልጠሉን ሳያስቀሩ ነገሯቸው። «አደጋ አለው፤ ስለዚህ ያለንን ሁሉ አናግባ። እኩሌታውን ግን ለዚህች ልጅ ብንሰጥ አልፈራም» አሉ።

«ቆይ እንጂ እንድሬ!» አለ አንዱ። «ፈተናህን የወደቀችውን ግዙ ትለናለህ?»

ጉርምርምታው በረከተና የሁሉም ዓይን ወደ ሐጂ ሙሄ ዞረ። ሐጂ ዕድሜ ልካቸውን የሰው አደራ ሲያስቀምጡ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸው እንቢ ካሉ ነገሩ አበቃ።

«ያን የላክኸውን መልእክት ዘሀራ ብቻ ናት ያነበበችው?» ሲሉ ጠየቁ።

«እሷ ብቻ ናት።»

«ምን ብለህ ነበር?»

«እሱንማ ለእርስዎም አልናገርም!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሐጂ ሙሄም ከሁሉም ጋር ስቀው ሲያበቁ ጺማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና፣ «በሉ ግዙ» አሉ፤ «እከፍታለሁ ከሚል ብልህ፣ አልችልም ያለ ይጠብቅህ።»