የመሠረት ቀያሹ መቀመጫ

ከዕለታት ባንዱ፣ በደብሩ የንግሥ በዓል፣ ፊታውራሪ ጓንጉልና ቀኛዝማች መርሶ የተባሉ ሁለት ባላንጣ መኳንንት በመስኩ ምሥራቅና ምዕራብ ድንኳናቸውን ተከሉ። የቤተ ክርስቲያን መሠረት በገመድና በችካል የሚቀይሰውንም ምስኪን አስጠርተው፣ "ተቀምጠህ የሁለታችንን የዘር ሐረግ እስኪመሽ ታዳምጣለህ" አሉት።

"ከእኔ ይልቅ ወደ መርሶ አንድ ስንዝር ብትቀርብ ዐርባ ጅራፍ!" አሉ ፊታውራሪው።

"ወደ ጓንጉል ብትቀርብ ሰማንያ!" አሉ ቀኛዝማቹ።

ሰውየው "እግዚኦ" ብሎ፣ በድንኳኖቹ መካከል ካለው ርቀት እኩሌታ የሚረዝም ገመድ ወሰደ። ጫፉን በአንደኛው ድንኳን ምሰሶ አስሮ በመሬቱ ላይ ቅስት አሰመረ፤ ርዝመቱን ሳይለውጥ ከሁለተኛውም ምሰሶ እንዲሁ አደረገ። ሁለቱ ቅስቶች በሰሜንና በደቡብ በተገናኙበት ችካል ተክሎ፣ ከችካል እስከ ችካል ቀጥ ያለ መስመር ዘረጋ።

መኳንንቱ በየሎሌዎቻቸው ደጋግመው አስለኩ። በመጨረሻም፣ "በዚህ መስመር ላይ የትም ብትቀመጥ ከሁለታችንም እኩል ነህ፤ አንቀጣህም" ብለው በሕዝቡ ፊት ማሉ።

ሰውየው እጅ ነሥቶ፣ የሚቀመጥበትን ዱካ ተሸክሞ መስመሩን ይዞ ወደ ሰሜን አቀና። መስኩን ጨረሰ፤ ጅረቱን ተሻገረ፤ ኮረብታውንም ይወጣ ጀመር።

"አንተ ሰው፣ ወዴት ነው?" ሲሉ መኳንንቱ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ቃል ጮኹ።

እርሱም ከኮረብታው ላይ ዘወር ብሎ መለሰ፦

"ጌቶቼ፣ በእኔ አትቀናኑ! የምሸሸው ከሁለታችሁም እኩል ነው።"