የደጅ ጠኚዋ ተስፋ

አንዲት ምላሰኛ ሴት የተቀማችው መሬት እንዲመለስላት የአገረ ገዢውን የፊታውራሪ ደምለውን ደጅ ሦስት ዓመት ጠናች። ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቀባት፣ አብረዋት ከአጥሩ ሥር ለሚጉላሉት ሁሉ «አይዟችሁ፣ ለሰው ልጅ ደግ ዘመን ይመጣል» ትላቸው ነበር።

ወሬው ከፊታውራሪ ጆሮ ደረሰ። አንድ ቀን ግብር አብልተው ሞቅ ሲላቸው፣ እንግዶቻቸው ፊት አስጠሯት።

«ደግ ዘመን ይመጣል ትያለሽ አሉ። ከእኔ ዘመን የተሻለ ይመጣል ካልሽ ሰድበሽኛልና ትገረፊያለሽ። አይመጣም ካልሽ ደግሞ ሕዝቤን ስትዋሺ ከርመሻልና መሬትሽን እርሺው። በይ ተናገሪ!»

እንግዶቹ ሳቁ። ሴትዮዋ እጅ ነሥታ ጠጁንም፣ ሥጋውንም፣ ምንጣፉንም አየት አየት አደረገች።

«ኧረ ጌታዬ፣ ከእርስዎ ዘመን የተሻለማ ከየት ይመጣል? ይበላል፣ ይጠጣል። መሬትዎን የሚነካ የለም፣ ቢናገሩ የሚቆጣዎት የለም።»

ፊታውራሪ ደስ አላቸው። «ታዲያ ምን ይመጣል ብለሽ ነው ሰዉን የምታጽናኚው?»

«ይኸው የእርስዎ ዘመን ነዋ ጌታዬ! ሦስት ዓመት ሙሉ ደጅዎ ቆሜ ስጠብቀው፣ እስካሁን ከአጥሩ አልወጣም።»