ዓይን ላይ የበራው ባትሪ

አንዲት ሴት ነበረች፤ ባሏ ባትሪ ገዛ።

ትስቃላችሁ። «ባትሪ መግዛት ደግሞ ምን ያስወራል?» ትላላችሁ። ታገሡኝ።

ሴትዮዋ ትርንጎ ትባላለች፤ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። ባሏ ሽብሩ ደግ ሰው ነው። ኋላ እንዳትፈርዱበት ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ። የሕንፃው የውሃ መሳቢያ ሞተር በተሰረቀ ጊዜ ነዋሪዎቹ የጥበቃ ኮሚቴ ሰብሳቢ አድርገው መረጡት። እሱም ሳይውል ሳያድር ሚስቱን አስከትሎ ገበያ ወጣና ፖሊሶች የሚይዙትን ዓይነት ባትሪ ገዛ።

ሻጩ በደንብ አስረድቶት ነበር። «ጋሼ፣ ሦስት ደረጃ አለው። ለቤት ውስጥ ዝቅተኛው ይበቃዎታል። ትልቁ ለሜዳ ነው፤ ጠባብ ቦታ ላይ ካበሩት ከግድግዳው ተመልሶ የራስዎን ዓይን ይወጋል።»

ሽብሩ ሳቀ። «ለዝቅተኛውማ ሻማ መች አጣሁ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትርንጎ አበሳዋን አየች። መብራት በጠፋ ቁጥር ሽብሩ ባትሪውን ይመዛል። ክብሪት ስትፈልግ ያበራላታል፤ ድስት ስታወጣ ያበራላታል። ቤቱ ጠባብ፣ ግድግዳው ነጭ ነው። ብርሃኑ ግድግዳውን መትቶ ይመለሳል፤ እሷም እንኳን ክብሪቱን እጇን ማየት ያቅታታል።

«አንተ ሰውዬ፣ ዝቅ አድርገው!»

«ምን ቸገረሽ? እንዲታይሽ ብዬ እኮ ነው!»

«አይታየኝም! እሱን እኮ ነው የምልህ!»

ስንት ጊዜ ነገረችው? መቁጠሩን ትታዋለች። አንድ ጊዜ ራሱ በዚያው ብርሃን ተደናብሮ ከተከፈተ የቁም ሳጥን በር ጋር ተላተመ። ግንባሩ አብጦ ማንን ወቀሰ? በሩን! «ይሄን በር ማን ከፈተው?» አለ። ትርንጎ ታክቷት ወደ ጓዳ ገባች።

ታዲያ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ መብራት ጠፋ። ከደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ፤ ከኮቴው ጋር አንድ ነገር ኳ፣ ኳ ይላል።

«ሌባ!» አለ ሽብሩ።

«ሌባ እንዲህ እያንኳኳ ይሄዳል? ኧረ ቆይ! እሺ፣ ቢያንስ ዝቅ አድርገህ...»

ማን ሰምቷት! በሩን በርግዶ ወጣና «ቁም! ማነህ?» ብሎ ትልቁን ብርሃን ሽቅብ ለቀቀው።

ሌባው ማን ነበር? እትዬ ይርገዱ ናቸው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ባልቴት፣ ባዶ ጄሪካን ይዘው ውሃ ሊቀዱ ሲወርዱ። ብርሃኑ ፊታቸው ላይ ሲፈነዳ ምን አደረጉ? እናንተ ብትሆኑ የምታደርጉትን። የደረጃውን ብረት የያዘ እጃቸውን ለቀው ዓይናቸውን ሸፈኑ። ወደቁ።

አሁን ልብ በሉ። ከሰፈሩ ሁሉ የሚበልጥ ብርሃን በእጁ የያዘው ሰው ሲወድቁ አላያቸውም። ድምፁን ሰማ እንጂ አላያቸውም። እሱ የሚያየው ነጭ ግድግዳ ብቻ ነው። እና ምን ብሎ ጮኸ መሰላችሁ?

«እንዴ! ብርሃን እያለ እንዴት ይወድቃሉ?»

ትርንጎ ይህን ስትሰማ ከድንጋጤዋ ንዴቷ በለጠ። ባትሪውን ከእጁ መንጭቃ ዝቅተኛው ላይ አደረገችው፤ ወደ ወለሉም አዞረችው። ያኔ ደረጃው አንድ በአንድ ታየ። እትዬ ይርገዱም እጃቸው ከሥራቸው ታጥፎ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ታዩ።

«ልጄ፣» አሏት እያቃሰቱ፣ «ይህን ደረጃ በጨለማ ስወጣው ስወርደው ኖሬያለሁ፤ ወድቄ አላውቅም። ዛሬ የጣለኝ ብርሃን ነው።»

እጃቸው ተሰብሮ በጀሶ ታሰረ። ሽብሩስ? «እኔ ምን አጠፋሁ? ያበራሁት ለእሳቸው ደኅንነት ነው» እያለ ለጎረቤቱ ሁሉ ያስረዳል። ሊጠይቃቸው ሲሄድ ድምፁን ሰሙና በራቸውን ሳይከፍቱለት ቀሩ። ትርንጎ ስታንኳኳ ግን ከፈቱላት።

ይህች የተዘጋች በር ናት ሽብሩን የሰበረችው። ተመልሶ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ባትሪውን አውጥቶ ለሚስቱ እየሰጠ፣ «ዝቅተኛው የቱ ጋ ነው?» አላት። ትርንጎ ልትሰድበው አፏ ላይ የደረሰውን ዋጥ አድርጋ አሳየችው።

የእትዬ ይርገዱን ውሃ እሱ ማመላለስ ጀመረ። ጄሪካኑን ደጃፋቸው ላይ አስቀምጦ ይመለሳል። እትዬ ይርገዱ ብዙ ከቆዩ በኋላ አንድ ቀን ከፈቱለትና፣ «ግባ። ያንን ነገር ግን እዚያው ውጭ ተወው» አሉት።

እናንተስ? ሰው በቃላችሁ ጥላችሁ «እኔ እውነቱን ነው የተናገርሁት» ትላላችሁ። እውነት መሆኑን ማን ካደ? ልጃችሁ ፈተና ወድቃ መጣች፤ እንግዳ ፊት እውነቱን ነገራችኋት። ወንድማችሁ መጠጡን ለመተው እየታገለ አንድ ቀን ተሸነፈ፤ ለቅሶ ቤት፣ ሰው መሐል እውነቱን ነገራችሁት። ዓይኑን ሸፍኖ ሲወድቅ ደግሞ ትገረማላችሁ! «ብርሃን እያለ እንዴት ይወድቃል?» ትላላችሁ! ኧረ እናንተ ሰዎች! በስንት ቋንቋ ይነገራችሁ?

አጥፉት አላልኳችሁም። ሰው ገደል ሲገባ እያያችሁ ዝም በሉ አላልኳችሁም። እግሩ ሥር አብሩለት ነው የምላችሁ። የሚቀጥለውን አንድ እርምጃ አሳዩት። ለጠባብ ቤት የሚበቃውን ያህል፣ ለደከመ ዓይን የሚበቃውን ያህል።

በእናንተ እውነት ምክንያት በሩን የዘጋባችሁ ሰው አለ። አሁን ይህን ስናገር ስሙ ትዝ ብሏችኋል። ከዚህ ስትወጡ ወደ ቤታችሁ አትሂዱ፤ እሱ ዘንድ ሂዱ። ባይከፍትላችሁም ነገ ደግሞ ሂዱ።